በመሐንዲሱና በሠራተኛው መካከል የሚቆመው ባለሙያ

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ተብሎ ለተማሪ ሁሉ ይነገራል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነትነቱ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በጎንደር ከተማ፣ ክዳኑ ባልተገጠመ ድስት የተጣደ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ወደ ሰሜን ተጉዞ ወገራንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ላይ ለሚጥድ ሰው ደግሞ 91 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አልበስል እንደሚል የደባርቅ እናቶች ቴርሞሜትር ሳይዙ ያውቁታል። ስለዚህም ማገዶ ይጨምራሉ፤ ጊዜ ይጨምራሉ፤ ወይም እህሉን ከማታው ይዘፈዝፉታል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ የፋብሪካ ሥራ የሚቃናውም የሚጠመውም እንደዚህ ባሉ ትናንሽ ነገሮች ነው። ከውጭ አገር በመርከብ ተጭኖ ጂቡቲ የሚደርስ፣ ከዚያም በየብስ ተጓጉዞ ጎንደር የሚገባ የፋብሪካ መሣሪያ የመመሪያ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን በአብዛኛው የሚያስበው በቆላማውና በባሕር ዳር ስላለው የራሱ አገር ነው። የጎንደርን ከፍታ፣ የሌሊቱን ብርድ፣ የውሃውን ማነስ፣ የመብራቱን መቆራረጥ አያውቅም። እንግዲህ መሣሪያውን «አሁን ያለኸው ጎንደር ነው» ብሎ ከቦታው ጋር የሚያስማማው ማን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሰው ነው። እርሱም የማምረቻ ምሕንድስና ቴክኒሽያን ይባላል።

ቴክኒሽያን ማን ነው?

በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች ይገናኛሉ። አንደኛው መሐንዲሱ ነው፤ እርሱ ያቅዳል፣ ያሰላል፣ ንድፍ ይነድፋል። ሁለተኛው ሠራተኛው ነው፤ እርሱ በየፈረቃው መሣሪያውን ያንቀሳቅሳል፣ ዕቃውን ያመርታል። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚቆመው ቴክኒሽያን ነው። የመሐንዲሱን ንድፍ ማንበብ ይችላል፤ የሠራተኛውንም መፍቻ መያዝ ይችላል። መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ያሰበው ነገር በወለሉ ላይ እንደታሰበው መሆኑን የሚለካው፣ ሠራተኛው በእጁና በጆሮው ያወቀውንም ነገር በቁጥር ጽፎ ለመሐንዲሱ የሚያቀርበው እርሱ ነው።

ብዙ ሰዎች ቴክኒሽያንን ከጠጋኝ ጋር አንድ አድርገው ይመለከቱታል። ጥገና የተከበረ ሙያ ነው፤ የማምረቻ ቴክኒሽያን ሥራ ግን ከዚያ ይለያል። ጠጋኙ የሚጠራው መሣሪያው ሲቆም ነው። የማምረቻ ቴክኒሽያን ግን መሣሪያው እየሠራም ሳለ ይጠይቃል፦ ለምን በዚህ ፍጥነት ብቻ ሠራ? ለምን ይህን ያህል ውሃና ማገዶ ፈጀ? ለምን ከመቶ ጠርሙስ ይህን ያህሉ ተበላሸ? የመሣሪያዎቹ አቀማመጥ ሠራተኛውን ያለ ጥቅም ያመላልሰው ይሆን? ሥራውንም ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ይለካል፣ ያስተካክላል፣ የጥፋቱን ሥር ይፈልጋል፣ ያገኘውን ይጽፋል፣ የጻፈውንም ለሌላው ያስተምራል።

ከጋን እስከ ጋዝ መለኪያ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ጎንደር የታወቀ ፋብሪካ አላት። በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ስሙን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከራስ ዳሸን ተራራ የወሰደው የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ነው። በከተማዋ የብቅል ፋብሪካም ተቋቁሟል። የብቅል ገብስ ደግሞ የሰሜኑ ደጋ የለመደው እህል ነው።

ቢራ መጥመቅ በመሠረቱ ለጎንደር ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም። ጠላ ጠማቂ እናት ገብሱን ዘፍዝፋ ታበቅላለች፤ ብቅሉን አድርቃ ታስፈጫለች፤ ጋኑን አጥባ በወይራ ታጥናለች፤ ጌሾውን ትጠነስሳለች፤ እንኩሮዋን ጨምራ ትደፈድፋለች። የብቅል ፋብሪካውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ እርምጃ በልክ መያዙ ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ ርጥበቱ ከመቶ 45 ያህል ይደርሳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይበቅላል፤ ከዚያም ርጥበቱ ወደ 5 ከመቶ እስኪወርድ ድረስ ይደርቃል። በቢራ ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ ሲለወስ በ63 ዲግሪና በ72 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆይ ይደረጋል። በብቅሉ ውስጥ ያሉት ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ነገሮች የሚሠሩት በነዚህ ሙቀቶች ነውና። እናት በእጅዋ ዳሰሳና በአፍንጫዋ የምታውቀውን፣ ፋብሪካው በቴርሞሜትር ያውቀዋል።

አሁን ወደ ከፍታው ነገር እንመለስ። የተጣራው የብቅል ውሃ ሆፕ ከሚባለው፣ የጌሾን ቦታ ከሚይዘው ተክል ጋር ይፈላል። ሆፑ መራራ ጣዕሙን የሚሰጠው በብርቱ ሙቀት ሲቀቀል ነው። በ100 ዲግሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚገኘው ምሬት በ93 ዲግሪ በዚያው ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ወይ ጊዜውን ማርዘም፣ ወይ ሆፑን መጨመር፣ ወይ ማፍያውን ዘግቶ በግፊት ማፍላት ያስፈልጋል። ሦስቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ የትኛው እንደሚቀል ግን በግምት አይታወቅም፤ ተለክቶ ነው የሚታወቀው።

ሌላው ምሳሌ የጋዙ ነው። በቢራ ውስጥ የሚሟሟው የካርቦን ዳዮክሳይድ መጠን የሚወሰነው በሙቀቱና በጠቅላላው ግፊት ነው። ተራው የግፊት መለኪያ ግን የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የጎንደር አየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን እጅ ያህል ነው። መመሪያው «መለኪያውን 1 ባር ላይ አቁም» ቢልና ሠራተኛው እንደተባለው ቢያደርግ፣ ቢራው ውስጥ የሚገባው ጋዝ ከታሰበው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። መለኪያው አልተበላሸም፤ ሠራተኛውም አላጠፋም፤ የጎደለው መለኪያውን ወደ 1.2 ባር ከፍ ማድረግ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው።

እንዲሁም አየር የሚያምቀው ኮምፕረሰር በቀጭን አየር ውስጥ ሲሠራ በመጽሐፉ የተጻፈለትን ያህል አየር አይሰጥም። ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ኃይላቸው የሚመዘነው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያቀዘቅዛቸው አየር ስለሚሳሳ ሙሉ ጭነት ከተጫነባቸው ይግላሉ። ፓምፕም ውሃን ከጉድጓድ ስቦ የሚያወጣበት ጥልቀት በባሕር ጠረፍ በሒሳብ 10 ሜትር ሲሆን፣ በጎንደር 8 ሜትር ያህል ነው፤ በተግባርም ከዚህ ያንሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ከፍታ የማይነካው ነገር አለ። ቢራ በጠርሙስ ከታሸገ በኋላ ጀርሞቹ እንዲሞቱ በ60 ዲግሪ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይሞቃል፤ ይህ ልክ በሐምቡርግም በጎንደርም አንድ ነው። የጥሩ ቴክኒሽያን ዕውቀት የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው። የሚለወጠውን ከማይለወጠው ይለያል።

ከዚህም ሌላ የሰው ሕይወት ጉዳይ አለ። ጥንስሱ ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳዮክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ በጋኖችና በምድር ቤቶች ወለል ላይ ይተኛል። ቀለም የለውም። አየሩን ሳይለካ ወደ ጋን የወረደ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ሊስት ይችላል፤ እርሱን ለማውጣት የዘለለም ሁለተኛ ሰው ይከተለዋል። በመላው ዓለም በጠመቃ ቤቶች ብዙ ነፍስ የጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ «ሳይለካ አይገባም» የሚለውን ደንብ የሚጠብቅ ቴክኒሽያን ከቢራው ጥራት ይልቅ የወንድሞቹን ሕይወት ይጠብቃል።

የጠባቡ በር ሒሳብ

አንድ ፋብሪካ በቀን ምን ያህል ያመርታል? ወጣት ሹማምንት ሪፖርት ሲያዘጋጁ ይህን ቁጥር ከመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ይገለብጡታል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይሠራም።

ለምሳሌ ያህል፣ ጠርሙስ አጣቢው መኪና በሰዓት 24,000፣ ቢራ ሞይው 20,000፣ ወረቀት ለጣፊው 16,000 ጠርሙስ ይሠራሉ እንበል። ይህ ፋብሪካ የ24,000 ፋብሪካ አይደለም፤ የ16,000 ፋብሪካ ነው። ብዙ ሰው በጠባብ በር ሲወጣ ፍጥነቱን የሚወስነው የአዳራሹ ስፋት ሳይሆን የበሩ ጥበት ነውና። ይህን ያልተረዳ ኃላፊ ገንዘብ ሲያገኝ ሌላ አጣቢ መኪና ይገዛል፤ ምርቱ ግን በአንድ ጠርሙስ እንኳ አይጨምርም። ቴክኒሽያኑ ሰዓቱን ይዞ በየመኪናው አጠገብ ቆሞ ይቆጥራል፤ ጠባቡን በር ያገኛል፤ ድካሙንም ሁሉ እዚያ ላይ ያውላል።

እንበልና ይህ ለጣፊ መኪና በአንድ የስምንት ሰዓት ፈረቃ 12 ጊዜ ይቆማል፤ እያንዳንዱም ጊዜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩልን ማንም ጉዳት ብሎ አይመዘግበውም። ሲደመር ግን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓትም 8,000 ጠርሙስ ነው። አንዲት ወጣት ቴክኒሽያን መዝገብ ከፍታ እያንዳንዱን መቆም ከነሰዓቱ መጻፍ ጀመረች እንበል። ከሳምንት በኋላ ስትመለከተው አብዛኛው መቆም የሚደርሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። ከመኪናው ጋር ለረጅም ዓመት የኖሩትን ሠራተኛ ሄዳ ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ ይህ መኪና ጧት ጧት ምን ይሆናል?»

«ወረቀቱ ይጨማደዳል ልጄ። ሙጫው ይወፍርበታል።»

«ከሰዓት በኋላስ?»

«ፀሐይ ከወጣ በኋላ ደኅና ነው። ሙጫው የሚቀመጠው ከበሩ ሥር ነው፤ ሌሊት የጎንደር ብርድ ይመታዋል። እኔማ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለአለቆቹ አልነገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ?»

ሙጫው ከበሩ ሥር ተነሥቶ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ አጠገብ ቢቀመጥ ፋብሪካው 8,000 ጠርሙስ ሊያተርፍ ይችላል፤ ወጪውም ምንም ያህል አይደለም። ከጃፓን የመጣው የካይዘን አሠራር፣ በ2004 ዓ.ም. ለዚሁ ተብሎ በአገራችን ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት፣ መሠረቱ ይኸው ነው። ጥፋት ሲደርስ «ማን አጠፋ?» ከማለት ይልቅ «ለምን ሆነ?» እያሉ እስከ ሥሩ ድረስ መጠየቅ ነው። ዕውቀቱ ቀድሞውኑ በሽማግሌው ሠራተኛ ዘንድ ነበረ። የጎደለው ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ነበር።

የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። ጎንደር የመጠጥ ውሃ ከምታገኝባቸው አንዱ የአንገረብ ግድብ በደለል የተነሣ መያዝ የሚገባውን ያህል ውሃ መያዝ እንደ ተቸገረ የታወቀ ነው፤ በከተማዋም ጄሪካን ተሸክሞ መሰለፍ እንግዳ አይደለም። በዓለም ላይ በደንብ የተያዘ ቢራ ፋብሪካ ለአንድ ሊትር ቢራ 4 ሊትር ውሃ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል፤ በደንብ ያልተያዘው ግን 7 ሊትርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በቀን 100,000 ሊትር የሚጠምቅ ፋብሪካ ከሰባት ወደ አራት ቢወርድ በየቀኑ 300,000 ሊትር ይድናል። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ይበቃዋል ቢባል ይህ ለ6,000 ሰው የሚሆን ውሃ ነው። ይህንንም የሚያስገኘው አዲስ ግድብ አይደለም፤ የሚያፈስ ቫልቭ መለወጥ፣ የጠርሙስ ማለቅለቂያውን ውሃ መልሶ መጠቀም፣ በየክፍሉ የውሃ ቆጣሪ አቁሞ በየፈረቃው ማንበብ ነው። ሁሉም የቴክኒሽያን ሥራ ነው።

ከጎንደር ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

በመሐንዲስና በሠራተኛ መካከል የሚቆም ባለሙያ አስፈላጊነት ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የአካባቢው ታሪክ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በማጣት፣ ሌላ ጊዜ በማግኘት መስክሮበታል።

በ1850ዎቹ ዓፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ማቅለጫ ሥራ አቋቋሙ። መድፍ እንዲያቀልጡላቸው ያዘዟቸው አውሮፓውያን የእጅ ሙያ የነበራቸው ሚሲዮናውያንና ሌሎች ሠራተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም መድፍ ማቅለጥን ከዚያ በፊት አያውቁም ነበር። ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ሰባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋትም የመድፍ ሥራ በዚያው ቆመ። በማቅለጫዎቹ ዙሪያ የደከሙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነገር ግን የማቅለጡን ልክና ሥርዓት ተቀብሎ የሚያስቀጥል የሠለጠነ መካከለኛ ባለሙያ ስላልተተካ፣ ጌቶቹ ሲሄዱ ሥራው አብሮ ሄደ። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ ሙያው ግን አልቀረም።

ለዚህ ጉድለት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ለእጅ ሙያ የነበረው ንቀት ነው። ከዓፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የጎንደርን ግንቦች ያቆሙት ግንበኞች፣ አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች ናቸው፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ከነዚህ መካከል ቤተ እስራኤሎች እንደነበሩ ይገልጻሉ። በከተማዋ አጠገብ በወለቃ የሚኖሩት ቤተ እስራኤሎች፣ አብዛኞቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. እንዲሁም በኋላ ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፣ ለገበሬው ማረሻውን፣ ለእመቤቲቱ ጀበናውን ሲሠሩ ኖረዋል። ገበሬው በማረሻው አርሶ እየበላ ሠሪውን ግን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበር። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ያወጁት ይህን ክፉ ልማድ አይተው ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ጠይብ ብሎ የሚሰድብ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን «ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣለት ቀርቶ ቴክኒክ ገባ» የሚለው አነጋገር የዚያው ንቀት የልጅ ልጅ አይደለምን?

ሁለተኛው ምስክርነት የሚያስደስት ነው። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ፈጀ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ሕዝቡን ለሞት መስጠት ነበር። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ያሠለጥን የነበረውም በሐኪሙና በሕዝቡ መካከል የሚቆሙ ባለሙያዎችን ነው፤ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን። እነዚህ ወጣቶች በየአውራጃው ተሠማርተው ምንጭ አጎለበቱ፣ ክትባት ሰጡ፣ በሽተኛ አከሙ፣ ያዩትንም መዘገቡ። ያ ትምህርት ቤት አድጎ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ከጣና ማዶም በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ዓላማው ይኸው ነበር። ለእርሻ መሣሪያ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለጨርቃ ጨርቅ፣ ለእንጨትና ለብረት ሥራ ቴክኒሽያኖችን ማፍራት ነው። እንግዲህ በጤና ረገድ መካከለኛው ባለሙያ ምን እንደሚያደርግ ያሳየችው ጎንደር፣ በፋብሪካም ረገድ ይህን ልትረሳው አይገባትም።

ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት

በዚህ ሙያ ለመሠማራት የሚያስብ ተማሪ መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው፣ ቴክኒሽያንነት የሒሳብ መሸሻ አለመሆኑን ነው። ንድፍ ማንበብና መንደፍ፣ ክፍልፋይና መቶኛ ማስላት፣ ግፊትን፣ ሙቀትንና የኤሌክትሪክ ኃይልን መለካት፣ የመለኪያውንም ትክክለኛነት መፈተን ይጠበቅበታል። ከዚህም ጋር ኩሽኔታ ሲያልቅ የሚያሰማውን ድምፅ የሚለይ ጆሮ፣ ቡሎን ከልኩ በላይ እንዳያጠብቅ የሚያውቅ እጅ ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ ግን ብዕር ያስፈልገዋል። ልብሱ ግራሶ ሲነካው የማይቀፈው፣ ወረቀት ሲይዝም የማይሰለቸው ሰው ለዚህ ሥራ ተፈጥሯል። በፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የተማረውን ካጸና በኋላ ወደ ምሕንድስና መቀጠል ቢፈልግም፣ በወለል ላይ የሠራ መሐንዲስ ከማንም የተሻለ መሐንዲስ ይሆናል።

ወጣት ሹማምንትም የሚሠሩት ሥራ አለ። ፋብሪካ ሲቋቋም ትልቁ ጭብጨባ የሚሰማው መሠረት ሲጣልና ሪባን ሲቆረጥ ነው። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚቆየው ግን ውሉ ነው። ስለዚህ የግዥ ውል በእጁ የሚያልፍ ሰው አራት ነገር ይጠይቅ። ሞተሩ፣ ኮምፕረሰሩና ጄኔሬተሩ ኃይላቸው የተሰላው ለየትኛው ከፍታ ነው? መሣሪያው ሲተከል የኛ ቴክኒሽያኖች ከሻጩ ሰዎች ጋር አብረው ይሠራሉ ወይስ ከውጭ ቆመው ይመለከታሉ? ቶሎ የሚያልቁት መለዋወጫዎች ንድፋቸው አብሮ ይሰጣል? የመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈው ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ነው? ለነዚህ መልስ ሳያገኝ የሚፈርም ሰው ብረት ገዛ እንጂ ፋብሪካ አልገዛም።

ከዚህም በተጨማሪ ቴክኒሽያኑ በሙያው ውስጥ ሳለ የሚያድግበት መሰላል ሊኖረው ይገባል። ደመወዝ ለመጨመር የግድ መፍቻውን ጥሎ ወንበር መያዝ ካለበት፣ ፋብሪካው የአሥር ዓመት ዕውቀት አጥቶ አንድ ተራ ጸሐፊ ያገኛል። መዝገቡም የግለሰብ ንብረት እንዳይሆን ያስፈልጋል። ቴክኒሽያን ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ የመሣሪያውን ጠባይ በራሱ ይዞት ከሄደ፣ የጋፋት ታሪክ በትንሹ ተደገመ ማለት ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዳዊት ደጋሚ ብቻ አይደለም፤ ለፋብሪካም ይሠራል።

መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘብም ቢጠፋ በብድር ይገኛል። ይህ መሣሪያ በ2,100 ሜትር ከፍታ፣ በዚህ ውሃ፣ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ገብስ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረንን ዕውቀት ግን የትም አገር ነጋዴ አይሸጥልንም፤ እርሱ ራሱ አያውቀውምና። ያ ዕውቀት የሚገኘው ጧት ማታ በመሣሪያው አጠገብ ቆሞ ከሚለካና ከሚጽፍ ሰው ብቻ ነው። ፋብሪካው በእርግጥ የጎንደር ፋብሪካ የሚባለውም የዚህ ሰው መዝገብ ሲሞላና የሚቀጥለው ወጣት ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ ሥራውን ሲጀምር ነው።